ስለ ሹመትና ስለ ምርጫ በስሜን አገር

ሹመት በስሜን ሰው ላይ አስቀድሞ በጦር፥ ቀጥሎም በሹማምንት ፈቃድ፥ በኋላም በድምፅ መጣ።

ደጃዝማች ውቤ ደረስጌ ማርያምን ሲያሳንጹ ራሳቸው ሊነግሡባት አስበው ነበር። ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል ስለ ሆኑ፥ አቡነ ሰላማ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ቀብተው ያነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስን ሆነ። የደባርቅና የዳባት ገበሬ ማን ይንገሥ ተብሎ አልተጠየቀም፤ ግብሩን ግን ለድል አድራጊው ገበረ።

ከ76 ዓመት በኋላ፥ በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት፥ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ እንደራሴዎቹን መኳንንቱና የአገር ሹማምንት ይምረጡለት አለ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ምርጫውን ለሕዝቡ ሰጠ። የ1987ቱም ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ሁሉ በምሥጢር ድምፅ ይመርጥ ዘንድ ደነገገ። የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. ሲደረግ ግን፥ በሁለተኛው ብዙ ተቃዋሚ ፓርቲዎች አንወዳደርም አሉ። እንግዲህ አማራጭ ሲጠፋ ድምፅ መስጠት ምን ይጠቅማል?

ሕግ ማንንም በግድ ምረጥ አይልምና፥ መቅረትም አሳብን መግለጥ ነው። ነገር ግን የቀበሌ ምክር ቤት ከሩቅ ዙፋን ይልቅ ለገበሬው ጎጆ ይቀርባል፤ መራጭ ቢቀርም ወንበሩ ባዶ አይቀርም። ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ምርጫ በተከፈተ ጊዜ ዘመዴ ነው፥ አብልቶኛል ሳትል፥ ዕጩው ለጎረቤቱ ምን እንዳደረገ መርምር። አባቶችህ ያልተጠየቁትን አንተ ስትጠየቅ ሳታስብ አትመልስ።