የጂን ማብራሪያ

የጂን ማብራሪያ በአንድ ፍጡር ዲኤንኤ ላይ እያንዳንዱ ጂን ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ የትኛው ክፍሉ ወደ አርኤንኤ እንደሚገለበጥና ሥራው ምን እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ ነው። በአንድ ሕዋስ ውስጥ የትኞቹ ጂኖች በምን ያህል መጠን እየሠሩ እንደሆነ የሚሰላው በዚህ መዝገብ ነው። አርኤንኤን ከሚያነበው መሣሪያ የሚወጡት በሚሊዮን የሚቆጠሩ አጫጭር የፊደል ሰንሰለቶች ናቸው፤ የየትኛው ጂን እንደሆኑ የሚለየው መዝገቡ ነው። መዝገቡ ሲሳሳት ቆጠራውም አብሮ ይሳሳታል።

በተለይ ጉዳት የሚያደርሰው የጂን መጨረሻ አጥሮ መመዝገቡ ነው። በነጠላ ሕዋስ ጥናት በስፋት የሚሠራባቸው ዘዴዎች የአርኤንኤውን ጅራት አካባቢ ብቻ ያነባሉ። ስለዚህ የተመዘገበው ድንበር ጥቂት መቶ ፊደላት ካጠረ ንባቦቹ ከጂኑ ውጭ ወድቀው ይጣላሉ፤ በሚገባ እየሠራ ላለ ጂን በሠንጠረዡ ላይ ዜሮ ይጻፋል።

የጤፍ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ጤፍ የሁለት ጥንታዊ የሣር ዝርያዎችን ጂኖም አጣምሮ የያዘ በመሆኑ አብዛኞቹ ጂኖቹ እጅግ የሚመሳሰሉ ሁለት ሁለት ቅጂዎች አሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ በሆነው፣ ዳቢ የተባለው የጤፍ ዓይነት ጂኖም ላይ ከ68 ሺህ በላይ ጂኖች ተመዝግበዋል። ከጥንዶቹ አንዱ ብቻ ቢመዘገብ የሌላው ንባብ በእርሱ ስም ይቆጠራል፤ በድርቅ ጊዜ የሚነቃው የትኛው ቅጂ እንደሆነም መለየት ያስቸግራል። ለአዳቃዮች ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው።

በሰው ጂኖም ላይ ጄንኮድ የተባለው ፕሮጀክት የኮምፒውተር ግምትን በባለሙያ ዓይን እያጣራ ያርማል። የአሜሪካው ሬፍሴክና የአውሮፓው ኤንሴምብል መዝገቦች ለአንድ ጂን የተለያየ የአርኤንኤ ቅጂ እየመረጡ ተመራማሪዎችን ያደናግሩ ነበር። ማኔ በተባለው የጋራ ሥራ ግን ፕሮቲን ለሚሠሩ ጂኖች አንድ አንድ ወካይ የአርኤንኤ ቅጂ ተስማምተው መምረጥ ጀምረዋል። አርኤንኤን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያነቡ አዳዲስ መሣሪያዎችም እርማቱን አፋጥነውታል።

ስምም ችግር ይፈጥራል። ኤክሴል ሴፕት1 እና ማርች1 የተባሉትን ጂኖች ወደ ቀን እየለወጠ ብዙ የታተሙ ሠንጠረዦችን ስላበላሸ፣ የሰው ጂኖችን የሚሰይመው ኮሚቴ ሴፕቲን1 እና ማርችኤፍ1 ብሎ ቀይሯቸዋል።

ጥሬ ንባቡ እስከተቀመጠ ድረስ የቆየ መረጃ በታረመ ማብራሪያ እንደገና ሊቆጠር ይችላል። የተጠቀመበትን የማብራሪያ ስሪት የማይጠቅስን ጥናት ቆጠራ ግን በትክክል መድገም አይቻልም።