ስለ አረቄ፣ ስለ መድኃኒትና ስለ ብርሌ

አረቄ የሚለው ስም ከዐረብኛ የመጣ ነው። «ዐረቅ» ላብ ማለት ነው። የጥንት ዐረቦች መድኃኒትና ሽቶ ሲያነጥሩ እንፋሎቱ አንገቱ በቆለመመ የብርጭቆ ዕቃ እንደ ላብ ይንጠባጠብ ነበር።

ስሙ እኛ ዘንድ ሲደርስ ብርጭቆው አልደረሰም። እናቶቻችን ምን ቸገራቸው! ድፍድፉን በእንስራ ጥደው፣ አፉን በጭቃ መርገው፣ እንፋሎቱን በሸምበቆ እየመሩ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠ ዕቃ አወረዱት። ሥራው ያው ነው። ብርጭቆ የሚበልጠው ውስጡን ስለሚያሳይና ሽታ ስለማይዝ ነው፤ መድኃኒተኞች የወደዱትም ለዚሁ ነው።

ፈረንሳዊው መድኃኒተኛ ፖንሴ ዐፄ ኢያሱን ሊያክም ጎንደር የገባው በ1691 ዓ.ም. ነው። ጀምስ ብሩስ ደግሞ በ1762 ዓ.ም. ባሮሜትርና ቴሌስኮፕ አስጭኖ፣ ከድብ ባሕር በላይ ያለውን የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ ገባ፤ በቁስቋምም የፈንጣጣ ሕሙማን አከመ። በዚያ ዳገት ብርጭቆ ሳይሰበር ማውጣት ምን እንደሆነ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። የእኛው ኮሶ በበኩሉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተሻግሮ የአውሮፓ መድኃኒት ቤት ገባ።

ብርሌም ከባሕር ማዶ በምጽዋ በኩል ይመጣ የነበረ ዕቃ ነው። እንግዲህ በእድራችን ዕቃ ቤት ያሉት አሮጌዎቹ ብርሌዎች በላስቲክ ኩባያ ይለወጡ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኛ አንስማማም። መስታወቱ ውስጥ አረፋ የሚታይበት፣ ውፍረቱ ያልተካከለ፣ ቂጡ ላይ የብረት ዘንግ ጠባሳ ያለው በሰው ትንፋሽ የተሠራ ነው። እነዚህ ተለይተው በመዝገብ ይግቡ፤ የቀሩትን ጉባኤው ይወስንባቸው።