የክፉ ቀን ትዕግሥት



በአገራችን ልማድ አዛውንቶች ሲመርቁ «ከክፉ ቀን ይሰውራችሁ» ይላሉ፤ እኛም «አሜን» እንላለን። ክፉ ቀን የሚለው ቃል ለማናቸውም ችግር የሚነገር ቢሆንም በታሪካችን ውስጥ ለብቻው በዚህ ስም የሚጠራ አንድ ዘመን አለ። እርሱም ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ታላቁ ረሃብ ነው። ለዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ትዕግሥትና ስለ እምነት አንድ ነገር ጻፍ በተባልሁ ጊዜ፣ ስብከቱን ለካህናቱና ለሼኮቹ ትቼ የዚያን ዘመን ነገር መጻፍ መረጥሁ። ለቅሶ ቤት ገብተን «ታገሥ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» የምንለው ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከዚያ ዘመን የተሻለ የሚያስረዳ አላገኘሁም።

ነገሩ የጀመረው ከከብት ነው። በ1880 ዓ.ም. መግቢያ ገደማ ጣልያኖች ምጽዋ ላይ ለሠራዊታቸው ከባሕር ማዶ ያስመጧቸው ከብቶች በሽታ ይዘው ገቡ። ይህ በሽታ በአማርኛ «ደስታ» ይባላል። እንግዲህ አስቡት፣ አገር ያጠፋ በሽታ ስሙ ደስታ! ሰው የሚፈራውን ነገር በስሙ መጥራት ስለማይወድ ይመስለኛል፤ ፈንጣጣንም እንዲሁ በቁልምጫ የሚጠሩት ነበሩ። ደስታ የያዘው ከብት ያተኩሰዋል፣ ዓይኑና አፍንጫው ይፈስሳል፣ አፉ ይቆስላል፣ በተቅማጥ ይደክምና በሳምንት በዐሥር ቀን ውስጥ ያልቃል። በሽታው ከምጽዋ ተነሥቶ ትግራይን፣ ጎንደርን፣ ጎጃምንና ወሎን አዳርሶ ሸዋ ደረሰ። ከዚያም አልፎ ወደ ደቡብ ወረደና ዐሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የአፍሪካ ጫፍ ደረሰ። በአገራችን ከዐሥር ከብት ዘጠኙ አልቋል ይባላል። (ይህ በሽታ ከምድር ላይ ጨርሶ መጥፋቱ የተበሠረው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከዓለም የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እርሱ ነው። እኔ ይህን ስሰማ ብቻዬን ተነሥቼ አመስግኛለሁ፤ ጎረቤት ምን ነካው ብሎ ይሆናል።)

የከተማ ልጆች «ከብት ቢሞት ሰው ስለምን በእህል ይራባል?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። መልሱ ቀላል ነው። የደጋው ገበሬ እርሻው በጥማድ በሬ ነው። ጤፍ ደግሞ አንድ ጊዜ ታርሶ የሚዘራ እህል አይደለም፤ መሬቱ ደጋግሞ መገልበጥና መለስለስ አለበት። በሬው ከሞተ ሞፈርና ቀንበሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ዘር እንኳ ቢኖር የሚዘራበት መሬት አይዘጋጅም። አህያው ወይም በቅሎው ተርፎለት እንደሆነ ጥቂት እህል ከሩቅ ገበያ ያመጣል፤ እርሱም ከሌለ አንዱ አገር ቢተርፈው እንኳ ለሌላው አይደርስም። እንሰት የሚተክል አገር በሬ ሳይጠይቅ በእጅ ስለሚሠራ ለዚህ ዓይነቱ መዓት ይሻላል፤ ደጋው ግን ኑሮውን በሙሉ በበሬ ጫንቃ ላይ ጭኖ ነበር።

በዚያው ላይ የ1880 ክረምት ዝናቡ ከሸፈ። በ1881 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የሚሰበሰብ አዝመራ አልነበረም። የቀረችውን ቡቃያ አንበጣና ተምች በላት፤ አይጥም በዛ። ዘመኑ ደግሞ የጦርነት ዘመን ነበር። በጥር 1880 ደርቡሾች ጎንደርን አቃጥለዋል። በመጋቢት 1881 አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወድቀዋል። በወዲያም በወዲህም የሚንቀሳቀሰው ጦር የሚበላው ከገበሬው ነው። ጣልያንም የሰሜኑ ሰው መዳከሙን አይቶ በሐምሌ 1881 አሥመራን ያዘ። አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ሲነግሡ አገሩ በረሃቡ መካከል ነበረ።

ሰው ምን ሆነ? ሥራ ሥርና ቅጠል በላ፤ ቁርበት ቀቅሎ በላ። በደኅናው ቀን ሊነካው የሚጸየፈውን የፈረስና የአህያ ሥጋ በላ። ልጁን የሸጠ አለ፣ ራሱን ባሪያ አድርጎ ያስገባም አለ። ከዚህ የባሰ የተጻፈም አለ፤ ይህን መጽሔት ልጆች ስለሚያነቡት እዚህ ላይ እተወዋለሁ። ከረሃቡ ኋላ ፈንጣጣና ተስቦ ተከተሉ። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚባለው ግምት ነው፤ ማን ቆጥሮት!

ለእኛ ለዕድርተኞች ግን ከሁሉ የሚብሰው ሌላ ነገር ይመስለኛል። ሰው ሳይቀበር ቀረ። የሚቀብረው ዘመድ ወይ ቀድሞ ሞቷል፣ ወይ ጉድጓድ የሚቆፍርበት አቅም የለውም። መንገድ ላይ የወደቀውን ጅብና አሞራ በላው። ጅብም ሰው መልመዱ ብቻ አይደለም፣ በሕይወት ያለውን እስከ ደጃፉ እየመጣ ይነጥቅ ጀመር። ሙታኑን በክብር መቅበር ከሁሉ የሚበልጥ ግዴታ አድርጎ ለሚያይ ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደነበረ ለመጽሔታችን አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የከተማ ዕድር የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። የመጣው ከዚያ መከራ ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ሆኖም ከአያቶቻቸው ያን ታሪክ የሰሙ ሰዎች «ማንም ሰው ሳይቀበር አይቅር» ብለው ሲማማሉ ነገሩ ከልባቸው ርቆ ነበር ብዬ አላምንም።

እንግዲህ ወደ እምነቱ ልምጣ። በዚያ ዘመን ሰው ጸለየ። ምህላ ተያዘ፣ «እግዚኦ» ተባለ፣ ታቦት ወጣ፤ እስላሙም በበኩሉ ዱዓ አደረገ። ዝናቡ ግን በዚያው ሳምንት አልመጣም። በዚያው ዓመትም አልመጣም። በአንዳንዱ አገር ምህላውን የሚመሩት ካህናት ራሳቸው አለቁ። ታዲያ እምነቱ ምን ጠቀመ የሚል ሰው ይኖራል፤ ጥያቄውም ትክክለኛ ጥያቄ ነውና ልናፍርበት አይገባም። ኢዮብ ራሱ ጠይቋል። ስለ ኢዮብ ስናወራ ዝም ብሎ እንደታገሠ ሰው ብቻ አድርገን እናነሣዋለን እንጂ መጽሐፉን ከፍቶ ላነበበው ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ የሚሟገተው ከአምላኩ ጋር ነው። ተሟገተ እንጂ ጥሎ አልሄደም። እስላም ወገኖቻችንም አዩብ ብለው በሰብሩ ያነሡታል።

ከኢዮብ ታሪክ እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ግን የወዳጆቹ ነገር ነው። ሦስቱ ወዳጆቹ መከራውን ሰምተው ከየአገራቸው መጡ፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ። እስከዚህ ድረስ ፍጹም ለቅሶ ደራሾች ነበሩ። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱና «ይህ የደረሰብህ ኃጢአት ብትሠራ ነው» ሲሉት ነው። በክፉ ቀንም ጊዜ ረሃቡ የኃጢአት ቅጣት ነው ያሉ ብዙ ነበሩ። ዛሬም በድንኳናችን ውስጥ እንዲህ የሚሉ አይጠፉም። ልጇን የቀበረችን እናት እንዲህ ከማለት ንፍሮውን እየበሉ ዝም ማለት ይሻላል፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ ያልተስማማ በሚቀጥለው መጽሔት ይመልስልኝ።

በዚያ ዘመን ከተደረገው ሁሉ እምነት ማለት ይህ ነው የሚያሰኘኝ ዶማው ነው። አፄ ምኒልክ የመንግሥቱን ጎተራ ከፍተው ለተራበው እህል አስከፋፈሉ፤ ጎተራ ግን ያልቃል። በሬ ስለሌለ መሬቱ በሰው እጅ እንዲቆፈር ሕዝቡንም ሠራዊቱንም አዘዙ። ራሳቸውም ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ዛሬ ይህ ነገር ቀላል ሊመስለን ይችላል። በዚያን ጊዜ ግን መኳንንትና ወታደር የእጅ ሥራን እንደ ውርደት ይቆጥሩት ነበር፤ ንጉሥ ጎንበስ ብሎ አፈር ሲቆፍር ማየት ያልታሰበ ነገር ነው። ጌታው ከቆፈረ አሽከሩ አፍራለሁ ማለት አይችልም።

አንድ ሰው በዶማ በቀን ስንት ክንድ ይቆፍራል? ያውም የተራበ ሰው። ጥማድ በሬ በአንድ ጠዋት የሚገለብጠውን መሬት ሰው ቀናት ይፈጅበታል። የቆፈረው ለጤፍ አይበቃም፤ ጎመን፣ ዱባ፣ ቢበዛ አንድ ቁራሽ መሬት ገብስ ይሆናል። ዘሩንም ከአፉ ቀንሶ ነው የሚዘራው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ልጁ እያለቀሰ አንድ እፍኝ ገብስ በእጁ ያለው ሰው ቆልቶ ያበላዋል ወይስ አፈር ውስጥ ይጥለዋል? ዝናብ እንደሚመጣ ማንም አልማለለትም። ባለፈው ዓመት አልመጣም፣ ባቻምናም አልመጣም። ቢሆንም የዘሩ ሰዎች ነበሩ፤ ባይዘሩ ኖሮ ኋላ ዝናቡ ሲመለስ የሚያበቅለው ነገር ባልነበረ። በእኔ ግምት የዚያ ዘመን ትልቁ ጸሎት ያ እፍኝ ገብስ ነው። ምህላውን አላቃልልም፤ ምህላው ነው ያን እጅ ያበረታው። ዮሴፍም በግብፅ አገር የሰባቱን የረሃብ ዓመት ነገር ከአምላኩ ከተረዳ በኋላ ጎተራ አሠራ እንጂ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም።

ታሪክ ስንጽፍ የሚያኮራውን ብቻ መርጠን ብንጽፍ ግን ለሟቾቹ ታማኝ አንሆንም። ሁሉም በዶማ አልተወጣውም። ጉልበት የነበረው ጦር ከብት ወዳለበት አገር ዘምቶ የሰው ከብት ነድቶ አመጣ። ረሃቡ ካለፈም በኋላ በ1887 ዓ.ም. በወላይታ ዘመቻ ብዙ ሰው አልቆ ብዙ ከብት ተነድቷል። የአንዱ ክፉ ቀን ወደ ሌላው ደጅ ተሻገረ ማለት ነው። በዕድራችን የዚያም የዚህም አገር ልጆች አብረን ስላለን ይህን ማንሣቱ ቅር ያሰኛል ብለው የመከሩኝ ነበሩ፤ እኔ ግን አብረን ስላለን ነው መነሣት ያለበት እላለሁ።

ከ1884 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ እየቀለለ ሄደ። እየቀለለ ሄደ ማለት ግን በአንድ ቀን አለቀ ማለት አይደለም። ዝናብ በአንድ ክረምት ሊመለስ ይችላል፤ በሬ ግን በአንድ ክረምት አይመለስም። ከመቅሠፍቱ የተረፈች አንዲት ላም መውለድ አለባት፤ ጥጃው ወይፈን ሆኖ ቀንበር እስኪለምድ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ እርሱም ጓድ ካላገኘ ጥማድ አይሆንም። ሁለት ጎረቤታሞች ያላቸውን አንድ አንድ በሬ አቀናጅተው በየተራ የሚያርሱበት መቀናጆ የሚባለው ልማድ እንዲህ ባለ ጊዜ ስንት ቤት እንዳዳነ መገመት ይቻላል። በሬ የሌለው በጉልበቱ ከፈለ፣ ዘር የሌለው ተበደረ። እንዲህ እያለ የተነሣው አገር ነው እንግዲህ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው። በመዝሙርም በንግግርም አድዋን ስናነሣ ከአራት ዓመት በፊት ያ ሕዝብ ቁርበት ይቀቅል እንደነበር የሚያስታውስ ተናጋሪ ሰምቼ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለተረት አይደለም፤ በጠቅላላ ስብሰባችን ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጉዳይ ስላለ ነው። የዕድራችን ደንብ ለሞተ ይከፍላል፤ ለታመመና ሥራ ለፈታ አይከፍልም። አንዳንድ አባሎች «ዕድር ለቀብር ነው፣ የቀረውን እግዚአብሔር ያውቃል» ይላሉ። ገንዘብ ያዦቻችንም ሣጥኑ እንዳይራቆት ቢሰጉ አልፈርድባቸውም፤ ባዶ ሣጥን ለማንም አይሆንም። ነገር ግን ወርኃዊ መዋጮው አቅቶት ስሙ ሊሰረዝ የደረሰ ጎረቤት እያለን «ታገሥ» ብለነው ብንሄድ፣ ያ ቃል በእኛ አፍ ምን ይመዝናል? መቀናጆውን ያወጡት ሰዎች ከእኛ ይልቅ ድሆች ነበሩ።

ስለዚህ ከደንቡ ውስጥ ለታመሙና ለተቸገሩ አባሎች ጥቂት ገንዘብ ለብቻው እንዲያዝ፣ መዋጮ ያቃተውም በጉልበቱ፣ ድንኳን በመትከልም ሆነ ወንበር በማመላለስ እንዲያካክስ የሚል ሐሳብ በጽሑፍ አዘጋጅቼ ለዕድሩ ጸሐፊ ሰጥቻለሁ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ይነበባል። የሚቃወምም የሚደግፍም በሰዓቱ እንዲገኝ ከወዲሁ አሳስባለሁ።