ኦም በቆላ ምድር

በጋምቤላ ከተማ በባጃጅ ወይም በመኪና ውስጥ የተገጠመ የቤዝ ስፒከር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣው ትልቁ ድምፅ ማጉያ ሲበላሽ፣ ጠጋኙ አስቀድሞ የሚያነሣው ቴስተሩን ነው። ቴስተር፣ በመጽሐፍ አጠራር መልቲሜትር፣ ቮልቴጅን፣ ጅረትንና ሬዚስታንስን እየለየ የሚለካ መሣሪያ ሲሆን፣ ሬዚስታንስ ደግሞ አንድ ሽቦ በውስጡ ለሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረት የሚያሳየው ተቃውሞ ነው፤ መለኪያውም ኦም ይባላል። ኦም እንደ ክንድና እንደ ቁና ሁሉ የራሱ ታሪክ አለው፤ ይህ ታሪክ ከሞላ ጎደል ሙቀትን ለመግራት የተደረገ ጥረት ታሪክ በመሆኑ፣ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ለምትገኘውና በበጋው ማብቂያ ሙቀቷ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱ እንግዳ ላልሆነባት ጋምቤላ ነገሩ ከደጋ ከተሞች ይልቅ ይቀርባታል።

ጀርመናዊው ጆርጅ ሲሞን ኦም ጅረት፣ ቮልቴጅና ተቃውሞ እንዴት እንደሚዛመዱ ያሳየበትን መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1827 ነው (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በዘመኑ የነበሩት ባትሪዎች ኃይላቸው እየዋዠቀ ሙከራውን ስላበላሹበት፣ መዳብንና ቢስሙት የተባለውን ብረት አገጣጥሞ አንዱን መጋጠሚያ በሚፈላ ውሃ፣ ሌላውን በበረዶ ውስጥ በማኖር ከሙቀት ልዩነት የማይዋዥቅ ኃይል አገኘ። ስሙ በ1881 ፓሪስ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የመለኪያው ስም ሆኖ ጸደቀ፤ በ1893 ቺካጎ ላይ የተሰበሰቡት ሊቃውንት ደግሞ ኦምን በሚቀልጥ በረዶ ሙቀት ላይ ያለ፣ ክብደቱ 14.4521 ግራም፣ ርዝመቱ 106.3 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሜርኩሪ ዓምድ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው ብለው ወሰኑ። ሙቀቱ ካልተጠቀሰ ቁጥሩ ትርጉም እንደማይኖረው ስላወቁ በረዶውን በትርጓሜው ውስጥ አስገቡት።

ይህ ከተወሰነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጋምቤላ በሌላ ዓይነት ልክ መታወቅ ጀመረች። ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1902 ከብሪታንያ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ወንዝ ዳር፣ የወንዝ ፊቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ፤ ለጣቢያው በኋላ የተመረጠችው ጋምቤላ ነበረች። በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጨውና አቡጀዲ አራግፈው ቡና እየጫኑ ሲመለሱ፣ ጣቢያው ሱዳን ነፃነቷን እስካገኘችበት እስከ 1956 ድረስ በሱዳን መንግሥት አስተዳደር ሥር ቆየ። በዚያ ወደብ ዋናው መለኪያ ሚዛን ነበር።

ኦም ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በጠጋኝ እጅ የገባው በብሪታንያ ፖስታ ቤት መሐንዲስ በነበረው በዶናልድ ማካዲ ምክንያት ነው፤ ሰውዬው የስልክ መስመር ለመጠገን ብዙ መሣሪያ መሸከም ስለመረረው ሦስቱን መለኪያዎች በአንድ ሣጥን አዋሐደ፤ መሣሪያውም በ1923 አቮሜትር ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ከሁለት ዓመት በኋላ ራይስና ኬሎግ የተባሉት አሜሪካውያን የዛሬውን ስፒከር መሠረት አስተዋወቁ፤ ይህም በማግኔት መካከል የተንጠለጠለ የመዳብ ሽቦ ጥቅል፣ ጠጋኞች ኮይል የሚሉት፣ ጅረት ሲያልፍበት እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚያወጣውን ወረቀት የሚገፋበት አሠራር ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰበት የኢትዮጵያ ገጠር ይህን ስፒከር በይበልጥ የለመደው በድንጋይ በሚሠራው ትራንዚስተር ሬዲዮ ሲሆን፣ በመኪና ላይ ግን ኃይሉ ከ12 ቮልት ባትሪ ስለሚመጣና በተመሳሳይ ቮልቴጅ ተቃውሞው በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ በእጥፍ ስለሚጨምር፣ ባለ 4 ኦሙ ስፒከር የተለመደ ሆነ።

ስፒከሩ ላይ የተጻፈው 4 ኦም ግን ቴስተሩ የሚያሳየው ቁጥር አይደለም። የተጻፈው ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ሙዚቃን ለሚሸከመው ተለዋዋጭ ጅረት የሚገጥመው ጠቅላላ ተቃውሞ ሲሆን፣ ቴስተሩ ግን በራሱ ባትሪ ቀጥተኛ ጅረት ልኮ የሽቦውን ተቃውሞ ብቻ ስለሚለካ፣ ጤናማው ባለ 4 ኦም ስፒከር ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 3.8 ኦም ያነባል። ይህን ያልተረዳ ገዢ ሻጩን አታላይ ማለቱ አይቀርም።

በትክክል የሚለካ ጠጋኝ ስፒከሩን ኃይል ከሚሰጠው አምፕሊፋየር ነቅሎ፣ የቴስተሩን ማዞሪያ 200 ኦም ላይ አድርጎ፣ በቅድሚያ ሁለቱን የቴስተር ገመዶች ጫፍ ለጫፍ ያነካካል፤ በዚህ ጊዜ የሚታየው፣ ለምሳሌ 0.3፣ የገመዶቹ የራሳቸው ተቃውሞ ስለሆነ ከውጤቱ ይቀነሳል። ኮይሉ በማግኔቱ ውስጥ ሲንቀሳቀስ የራሱን ቮልቴጅ ስለሚያመነጭ በሚለካበት ጊዜ ወረቀቱን መግፋት ንባቡን ያዛባል። ንባቡ ወሰን የለሽ ከሆነ ኮይሉ ተቃጥሎ ተበጥሷል፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ደግሞ ሽቦው እርስ በርሱ ተገናኝቷል።

ሙቀቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የመዳብ ተቃውሞ በየአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.39 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በ20 ዲግሪ 3.5 ኦም የሚያነብ ኮይል በ40 ዲግሪ ወደ 3.8 ይጠጋል፤ ሲጮህ ቆይቶ 120 ዲግሪ የደረሰው ደግሞ 4.9 ገደማ ያሳያል። ስለዚህ ከጉዞ እንደተመለሰ ከባጃጁ ወርዶ የተለካ ስፒከር ሌላ ዓይነት ሊመስል ይችላል፤ ሳይቀዘቅዝ የሚሰጠው ፍርድም ከንቱ ነው። ቢጫ ሽፋን ያለው ርካሹ ዲጂታል ቴስተር በዚህ ላይ ከአንድ አሥረኛ ኦም በታች ያለውን ስለማያሳይ፣ የገመዱና የሙቀቱ ስሕተት ተደምሮ ጠጋኙ ከሚፈልገው ልዩነት ሊበልጥ ይችላል።

ሁለት ኮይል ባለው ስፒከር ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ባለ 4 ኦም ኮይል ለየብቻ ተለክቶ ሁለቱ ተቀራራቢ መሆናቸው ሲረጋገጥ በተከታታይ ቢያያዙ 8፣ ጎን ለጎን ቢያያዙ 2 ኦም ስለሚሰጡ፣ ከ4 ኦም በታች እንዳይገናኝ በተሠራ አምፕሊፋየር ላይ ሁለተኛውን አያያዝ የመረጠ ጠጋኝ አምፕሊፋየሩን ሊያቃጥል ይችላል።