ምግብና ጥይት ያረፉበት ማኮብኮቢያ
የቢያፍራ ጦርነትና የውጭ እርዳታ



ባለፈው ዓመት የሥራ ዘገባችን ላይ የልጆቻችን ፎቶግራፍ ይውጣ አይውጣ ብለን ስንከራከር አንዲት እኅታችን «ያልታየ ችግር ማን ይደርስለታል?» ብላ ጠየቀች። የሚመልስላት ሳይገኝ ስብሰባው ተበተነ። እኔ ግን ወደ ቤቴ ስሄድ ቢያፍራ ትዝ አለኝ። በ1960 ዓ.ም. ክረምት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ አባቴ ማታ ማታ ሬዲዮ ሲከፍት ያ ስም ሳይጠራ የሚያልፍ ቀን አልነበረም። ለዚህ ዕትም ጻፊ ስባል ስለዚያ ጦርነት ልጽፍ የወሰንኩት በዚህ ምክንያት ነው። ዘመኑን ያስቀመጥኩት በእኛ አቆጣጠር ነው።

ናይጄሪያ ነፃ በወጣች በስድስተኛው ዓመት፣ በ1958 ዓ.ም. ብቻ ሁለት መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደባት። በሰሜኑ ክፍል ይኖሩ የነበሩ ብዙ ሺህ ኢግቦዎች ተገደሉ፤ የተረፉት ያላቸውን ጥለው ወደ ምሥራቅ ወደ ትውልድ አገራቸው ሸሹ። የምሥራቁ ክፍል አስተዳዳሪ ኮሎኔል ኦጁኩ ግንቦት 22 ቀን 1959 ዓ.ም. የቢያፍራን ሪፐብሊክ አወጁ። በሰኔ መጨረሻ ጦርነቱ ተጀመረ። የአገሪቱ ነዳጅ ዘይት በአብዛኛው በዚያው አካባቢ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ታላላቆቹ መንግሥታት ዝም ብለው የሚመለከቱት ጉዳይ አልነበረም። እንግሊዝና ሶቪየት ኅብረት በሌላው ነገር ሁሉ ባላንጣዎች ሆነው ሳለ ሁለቱም ለሌጎስ መንግሥት መሣሪያ ሰጡ። ፈረንሳይ ደግሞ በስውር ለቢያፍራ አቀበለች።

በግንቦት 1960 ዓ.ም. ፖርት ሃርኮርት ሲያዝ ቢያፍራ የባሕር በሯን አጣች። የኢግቦ ቤተሰብ ሥጋውን ከሰሜን፣ ድርቆሽ ዓሣውን ከኖርዌይ ነበር የሚያገኘው። ሁለቱም ተቋረጡ። ካሳቫ አልጠፋም፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም። ኳሺዮርኮር የሚባለው በሽታ ስሙ ከጋና የጋ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ታናሹ ሲወለድ ጡት የሚነጠቀውን ልጅ የሚይዝ በሽታ ነው። ሆዱ ያብጣል፣ ጸጉሩ ይቀላል። ይህን እናቶች የሆናችሁ ሁሉ ያለ ሐኪም ማብራሪያ ትረዱታላችሁ። በዚያው ሰኔ የእንግሊዝ ጋዜጦች የእነዚያን ልጆች ፎቶግራፍ አወጡ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ገንዘብ መጉረፍ ጀመረ። ፎቶግራፎቹ እውነተኛ ነበሩ። ግን ቢያፍራ ጄኔቭ ላይ የቀጠረችው የማስታወቂያ ድርጅት እንደነበራትና ወሬውን ለጋዜጠኞች ያሰራጭ የነበረው ያ ድርጅት መሆኑም እውነት ነው።

ዲፕሎማሲው ወደ እኛ ደጅ የመጣው በአፍሪካ አንድነት ድርጅት በኩል ነው። በ1960 ዓ.ም. መባቻ ኪንሻሳ ላይ የተሰበሰቡት መሪዎች ጉዳዩ የናይጄሪያ የውስጥ ጉዳይ ነው አሉና ስድስት የአገር መሪዎች ያሉበት ኮሚቴ አቋቋሙ። ከስድስቱ አንዱና ዋነኛው አፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ኮሚቴው ገና ሲቋቋም የናይጄሪያን አንድነት ደግፎ ስለተነሳ ቢያፍራዎች ገለልተኛ ዳኛ አድርገው አላዩትም። እውነቱን ለመናገር ጃንሆይም በኤርትራ የራሳቸው ጦርነት ስለነበረባቸው መገንጠልን የሚደግፍ ቃል ከአፋቸው ሊወጣ አይችልም ነበር። ታንዛኒያ በሚያዝያ ወር ለቢያፍራ እውቅና ስትሰጥ፣ ጋቦን፣ አይቮሪ ኮስትና ዛምቢያ ተከተሏት፤ ከእነዚህ ሌላ አንድም የአፍሪካ መንግሥት አልጨመረም።

ካምፓላ ላይ ተሞክሮ አልሆነም። ኒያሜ ላይ ተሞከረ። ሐምሌ 29 ቀን 1960 ዓ.ም. ንግግሩ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ኦጁኩ ራሳቸው መጥተው ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ጄኔራል ጎዎን ግን አልመጡም፣ ወኪላቸውን ላኩ። ጃንሆይ ሁለቱን ወገኖች ለየብቻ እያነጋገሩ ከአንድ ወር በላይ ደከሙ። አንደኛው ወገን መጀመሪያ መገንጠሉን ተዉ ይላል፣ ሌላው መጀመሪያ ተኩሱን አቁሙ ይላል። እኔን ግን ከዚህ ይልቅ የሚገርመኝ በምግቡ እንኳ አለመስማማታቸው ነው። ሌጎስ እህሉ በመኪና በእኔ ግዛት በኩል ይግባ፣ በአየር ከሆነም በቀን ይሁንና እኔ ልፈትሸው አለች። ቢያፍራዎች መንገድ ከተከፈተ ከጭነት መኪናው ኋላ ታንክ ይከተላል፣ ምግቡም ይመረዛል ብለው ፈሩ። የሁለቱም ስጋት መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። በመካከሉ የሚሞተው ልጅ ነበር።

ስለዚህ ምግቡ በሌሊት ገባ። ኡሊ የሚባል ቦታ ላይ የአስፋልት መንገድ ተሰፍቶ ማኮብኮቢያ ሆነ። አውሮፕላኖቹ ከሳኦ ቶሜ፣ ከፈርናንዶ ፖና ከኮቶኑ እየተነሡ መብራታቸውን አጥፍተው ይመጣሉ፤ የመሬቱ መብራት የሚበራው ሊያርፉ ሲሉ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ወዲያው ይጠፋል። ከላይ ደግሞ የፌዴራሉ ቦምብ ጣይ ይዞራል። አንዳንድ ሌሊት 40 ያህል አውሮፕላን ያርፍ ነበር። የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያኖች በአንድነት ያቋቋሙት ማኅበር ብቻ ከ5,000 በላይ በረራ አድርጎ ወደ 60,000 ቶን የሚጠጋ እርዳታ አስገብቷል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ የብዙ ሕፃናት ነፍስ ተርፎበታል። ነገር ግን በዚያው ማኮብኮቢያ፣ በዚያው ጨለማ፣ ጥይትም ያርፍ ነበር። የምግብ አውሮፕላኑ ለመሣሪያ አውሮፕላኑ መሸፈኛ ሆነ። ረጂዎቹ እዚያ የሚከፍሉት የውጭ ምንዛሪም ለቢያፍራ መንግሥት ደረሰ። ጦርነቱን አስረዝመዋል የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ለእኔ ክርክሩ በአንድ ወገን የሚዘጋ አይደለም፤ «ጦርነቱ ቶሎ እንዲያልቅ ልጆቹ ይራቡ» ብሎ የሚፈርድ ሰው ከእናንተ መካከል ይኖራል ብዬ አላምንም።

ከበራሪዎቹ አንዱ ለኢትዮጵያ የታወቁ ሰው ነበሩ። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለቀይ መስቀል የአምቡላንስ አውሮፕላን ያበሩልን፣ ከነፃነት በኋላ ደግሞ አየር ኃይላችንን በማቋቋም አሥር ዓመት ያህል ያገለገሉ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ንግግሩ በተከፈተ በሳምንቱ ገደማ፣ ሌሎች ፓይለቶች በፀረ አውሮፕላን ተኩስ ምክንያት ሲቆሙ፣ እሳቸው ዛፉን እየታከኩ ዝቅ ብለው በረው ኡሊ ደረሱ። በማግሥቱ ዓመት ግን እርዳታ ብቻውን አይበቃም ብለው ጥቃቅን አውሮፕላኖች ላይ ሮኬት አስገጥመው ተመለሱና በግንቦት 1961 ዓ.ም. የፖርት ሃርኮርትን አውሮፕላን ማረፊያ ደበደቡ። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ግንቦት 28 ቀን፣ የፌዴራሉ ተዋጊ አውሮፕላን የቀይ መስቀልን የእርዳታ አውሮፕላን መትቶ ጣለ፤ በውስጡ የነበሩት በራሪዎች ሞቱ። ቀይ መስቀል የሌሊት በረራውን አቆመ። በመስከረም 1962 ዓ.ም. የቀን በረራ እንዲደረግ ከሌጎስ ጋር ሲስማማ ደግሞ ኦጁኩ አልቀበልም አሉ። በሰውዬው ላይ መፍረድ ይከብደኛል። በኋላም በድርቁ ዘመን እኛ ዘንድ መጥተው ለተራበው ወገናችን ከአውሮፕላን እህል የጣሉ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦር ጥቃት የሞቱ እሳቸው ናቸው።

ስለ እርዳታው ብዙ ሲጻፍ ስለ ኢግቦ ሴቶች ግን በጥቂቱ ነው የሚነገረው። «አሂያ አታክ» ይሉት ነበር፤ ገበያን በጥቃት መያዝ እንደማለት ነው። በሌሊት ጫካ ለጫካ የጦር ግንባሩን አልፈው በጠላት በኩል ካለ ገበያ ጨውና የመሳሰለውን ገዝተው ይመለሳሉ። በሰላይነት የተያዙ አሉ፣ የተደፈሩ አሉ፣ ሳይመለሱ የቀሩ አሉ። ዘገባ የሚጠይቃቸው ለጋሽ አልነበረም። በዚያ ጨው ስንት ቤት እንደቆየ የቆጠረው የለም።

ጥር 7 ቀን 1962 ዓ.ም. ሌጎስ ላይ የእጅ መስጠቱ ሥነ ሥርዓት ተፈጸመ። የሞተው ሕዝብ ብዛት እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ግማሽ ሚሊዮን የሚል አለ፣ ሦስት ሚሊዮን የሚልም አለ። ጎዎን አሸናፊም ተሸናፊም የለም ብለው አወጁ፤ የተፈራው የበቀል ጭፍጨፋም አልመጣም። ሆኖም ቢያፍራን ከረዱ አንዳንድ መንግሥታትና የቤተ ክርስቲያን ድርጅቶች እርዳታ አልቀበልም አሉ። በባንክ ገንዘብ የነበረው የቢያፍራ ሰው ያስቀመጠው ምንም ያህል ቢሆን በጦርነቱ ጊዜ ሂሳቡን ካንቀሳቀሰ የሚሰጠው 20 ፓውንድ ብቻ ሆነ። እቁብና ቁጠባ የምናውቅ እኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋንም። ወደ ጋቦንና አይቮሪ ኮስት ተወስደው የነበሩት በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት እርዳታ ተመለሱ።

በዚያ ጦርነት የሠሩ ፈረንሳውያን ሐኪሞች ከሌሎች ጋር ሆነው በ1964 ዓ.ም. ድንበር የለሽ ሐኪሞችን መሠረቱ። ኮንሰርን የሚባለውንም በአየርላንድ የጀመሩት ኬይና ጆን ኦሎክሊን ኬኔዲ የተባሉ ባልና ሚስት ለቢያፍራ ብለው ነበር፤ በወሎው ረሃብ ዘመን ያ ድርጅት እኛም ዘንድ ደረሰ። ለቢያፍራ ተብሎ የተለመነው ገንዘብ በዚህ መንገድ ዞሮ ወደ ወገኖቻችን መጥቷል፤ የለመነውም ፎቶግራፉ ነው። እኅታችን የጠየቀችው ጥያቄ ቀላል አይደለም ያልኩት ለዚህ ነው።

እኔ ለሚቀጥለው ስብሰባ ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው፤ የልጅ ፎቶግራፍ ከመውጣቱ በፊት እናቱ ታይተው፣ ከሥሩ የሚጻፈውም ይነበብላት፤ እምቢ ካለች ምክንያት አትጠየቅ። እህል ሲታደል ደግሞ ካሜራ አይግባ። ተቃውሞ ያላችሁ በጽሑፍ ለጸሐፊያችን ስጡ።