ገሳ፣ ደበሎና ካፖርት ፤ የጎጃም ደጋ መንገደኛ የዝናም ልብስ ታሪክ



ታሪክ በተነሣ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የነገሥታት ዘውድና የጦር ሜዳ ውሎ ነው። ዘውዱ የሚጽፍለት ጸሓፊ አለው፤ ሰይፉም የሚያወድሰው አዝማሪ አያጣም። መንገደኛ በክረምት ከራሱ ላይ ጣል የሚያደርገው የሣር ልብስ ግን እንዲህ ያለ ወዳጅ አላገኘም። ቢሆንም በጎጃም ደጋ ክረምቱን በእግሩ ያቋረጠ ሰው፥ ተማሪም ቢሆን ነጋዴ፥ አርበኛም ቢሆን መልእክተኛ፥ ካሰበበት ለመድረስ የዚህ ትሑት ልብስ ዕዳ አለበት። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ታሪኩን በአጭሩ እናወሳለን፤ በመጨረሻም ዛሬ በክረምት ለሥራ ወደ ገጠር የሚወጣ ሰው ከአባቶች ምርጫ ምን ሊማር እንደሚችል እንመለከታለን።

አስቀድመን አገሩን እንይ። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከርሷ በላይ የሚነሣው የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። የዓመቱ ዝናም የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። በነዚህ ወራት ዓባይ ስለሚሞላ፥ ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ጎጃም ከሸዋ ተለይቶ እንደ ደሴት ይሆን ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለው የመኪና መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህንኑ ርቀት በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚራመድ ብርቱ ሰው በእግሩ ቢሄደው ዐሥር ቀን ይፈጅበታል። ይህን ያህል የሚጓዝ ድኻ ደግሞ ስንቁንም ልብሱንም የሚሸከመው በራሱ ጫንቃ ነውና፥ ልብሱ መከብድ የለበትም፤ ዋጋውም ከአቅሙ ማለፍ የለበትም።

የደጋ ዝናም እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። ውሃ ከሰውነት ላይ ሙቀትን የሚወስደው ከአየር ይልቅ ከ20 ጊዜ በሚበልጥ ፍጥነት ነው። የራሰ ሰው ነፋስ ሲመታው፥ ውርጭ ባይኖር እንኳ፥ በብርድ ሊሞት ይችላል። እዚህ ላይ ለከተማ ሰው ጌጡ የሆነው ጋቢ ወዳጅ አይሆንም። ጥጥ ውሃውን ጠጥቶ ይከብዳል፤ ከገላም ተጣብቆ ሙቀትን ያሟጥጣል።

የጎጃም ገበሬና እረኛ ለዚህ ችግር ያገኙት መድኀኒት ገሳ ነው። ገሳ በየአገሩ ከሚገኘው ረዥም ሣር ወይም ከረግረግ ቄጠማ ተጎንጉኖ የሚሠራ፥ ከራስ እስከ ወገብ የሚከልል ልብስ ነው። ጥበቡ ከጎጆ ክዳን ጥበብ የተለየ አይደለም። ሣሩ በተርታ እየተደራረበ ወደ ታች ስለሚወርድ፥ ጠብታው ከአንዱ ሣር ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ከመሬት ይወድቃል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። በሣሩ መካከል አየር ስለሚመላለስ የለበሰው ሰው በላብ አይታፈንም። ሁለት እጁም ነፃ ነው፤ እረኛ ዱላውን ይይዛል፥ ገበሬም ጎንበስ ብሎ ያርማል። ዋጋውም ቢታሰብ፥ ሣሩ ከመስክ ይገኛል፤ የቀረው የእጅ ሥራ ነው። እንከን የለበትም ማለት ግን አይደለም። ገሳ ለመጠቅለልና ለመቋጠር አይመችም፤ ብርቱ ነፋስ ያንገላታዋል፤ እሳት ሲቀርበውም ፈጥኖ ይያያዛል።

ይህ ብልሃት የኛ ብቻ አለመሆኑን ማወቅ ደስ ያሰኛል። የጃፓን ገበሬዎች ሚኖ የሚሉትን የሣር ካባ ብዙ ዘመን ለብሰዋል። በስፔን ሰሜናዊ ምዕራብና በፖርቱጋል ሰሜን ያሉ እረኞችም እንዲሁ የሣር ካባ ነበራቸው። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1991 በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ ከ5,000 ዓመት በፊት የሞተ መንገደኛ አስከሬን ተገኝቶ ነበር፤ ከዕቃዎቹም መካከል ከሣር የተጎነጎነ ነገር ይገኛል። ሊቃውንት አንዳንዶቹ ካባ ነው ሲሉ ሌሎቹ ምንጣፍ ነው ይላሉ። ካባ ከሆነ፥ የጮቄ እረኛና ያ የጥንት ሰው ሳይተዋወቁ አንድ ሐሳብ አስበዋል ማለት ነው።

ከገሳ ቀጥሎ የሚጠራው ደበሎ ነው። ደበሎ ጠጉሩ ያልተላጨ የበግ ለምድ ሲሆን፥ በታወቀ ስሙ የቆሎ ተማሪ ልብስ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነውና ዋሸራን፥ ጎንጅንና ዲማን የመሳሰሉት ደብሮች ከሩቅ አገር ተማሪ ይስቡ ነበር። ተማሪው አኩፋዳውን በትከሻው፥ ዱላውን በእጁ ይዞ ከመምህር ወደ መምህር በእግሩ ሲዘዋወር፥ ደበሎው ቀን ልብሱ፥ ሌሊት መኝታው ነበር። ስመ ጥሩው ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩት በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ነው። የአገራችን ሥነ ጽሑፍ ካደገባቸው መንገዶች አንዱ ይህ የእግር መንገድ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ሦስተኛው በርኖስ ነው። ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራው ይህ ወፍራም ጥቁር ካባ የደጋ ባለጸጎች ክብር ነበር። የበግ ጠጉር ከክብደቱ ሲሶ የሚሆን ውሃ ቢጠጣ እንኳ ሙቀት መስጠቱን ፈጽሞ አይተውም፤ ከጥጥ የሚበልጠውም በዚህ ነው። ነገር ግን በርኖስ ውድ ነው፤ በራሰም ጊዜ ይከብዳል። ስለዚህ ለበቅሎ ተቀማጭ የሚመቸውን ያህል ለእግረኛ አይመችም።

ክረምትና መንገድ የአገር ዕጣ የወሰኑበት ዘመንም ነበር። በጠላት ወረራ ጊዜ የጎጃም አርበኞች በጫካና በገደል ክረምትን እየደጋገሙ አሳልፈዋል። ለአርበኛው ከመጋዘን የሚታደለው ካፖርት አልነበረውም፤ የገበሬው ልብስ የርሱም ልብስ ነበር። የወራሪው መኪና በጭቃ ሲያዝ፥ በእግሩ የሚሄደው ሰው ግን መንገዱን ያውቀዋል። ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ የመራው ሚሲዮን 101 የተባለው ጓድ ከሱዳን ወሰን ተነሥቶ ወደ ጎጃም የዘለቀው በክረምቱ እምብርት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው አዛዥ ከበደ ተሰማ አብረው ነበሩ። ጓዱ ከደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ከሌሎችም የአርበኞች አለቆች ጋር ተገናኝቶ መንገድ ካዘጋጀ በኋላ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ወሰኑን ተሻግረው፥ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። በበጋ የተገኘው ድል በክረምት የተራመዱ እግሮች ያሰናዱት ነበር።

አሁን ከውጭ ወደ መጣው ልብስ እንለፍ። ጃንጥላ በቃሉ ትርጉም የንጉሥ ጥላ ማለት ነው፤ «ጃን» የሚለው ቃል «ጃንሆይ» ከሚለው ጋር አንድ ነው። በጥንት ዘመን የክብር ምልክት ሲሆን፥ በኋላ የከተማ ሰው መያዣ ሆነ። በገበያና በቢሮ ደጃፍ መልካም ነው፤ በደጋ ነፋስ ግን ይገለበጣል፥ አንድ እጅንም ያስራል። የላስቲክ ካፖርት የተጀመረው በስኮትላንድ አገር ሲሆን፥ ቻርለስ ማኪንቶሽ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1823 በሁለት ጨርቅ መካከል ጎማ ቀብቶ ለማጣበቅ የባለ መብትነት ወረቀት ተቀበለ። ይህ ልብስ ውሃ አያስገባም፤ ነገር ግን ላብንም አያስወጣም። ዳገት የሚወጣ ሰው ከዝናሙ ቢድን ከውስጥ በላቡ ይርሳል። ለዚህ መላ የተገኘው በ1969 ሮበርት ጎር ላብን በተን የሚያስወጣ፥ ውሃን ግን የሚከለክል ስስ ሽፋን ከሠራ ወዲህ ነው፤ ዋጋው ግን ለብዙ ሰው የሚቀመስ አይደለም።

ድኻው መንገደኛ እስከዚያ ድረስ አልጠበቀም። ፕላስቲክ ወደ ገጠር በገባ ጊዜ፥ የማዳበሪያ ከረጢት አንዱን ማዕዘን ወደ ሌላው ማዕዘን አስገብቶ ከራሱ ላይ ደፋው። ልብ ብሎ ለተመለከተው፥ ይህ ከረጢት የገሳ ቅርጽ ነው። ከራስ ይጀምራል፥ በጀርባ ይወርዳል፥ እጅን ነፃ ይተዋል። ዕቃው ተለወጠ እንጂ ሐሳቡ አልተለወጠም።

እንግዲህ በክረምት ወደ ወረዳ የሚወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ልብስ ሲመርጥ ሦስት ነገር ይጠይቅ። ይህን ልብስ ቀኑን ሙሉ ተሸክሜ ዳገት እወጣበታለሁን? ላቤ መውጫ አለውን? ቢርስ እንኳ ከሥሩ የሚያሞቀኝ የበግ ጠጉር አለን? በነዚህ ጥያቄዎች ፊት፥ ውስጡ የበግ ጠጉር ሹራብ፥ ላዩ ሰፋ ያለና ሥሩ ክፍት የሆነ ቀላል የፕላስቲክ ካባ፥ ከውድ ካፖርት የሚያንስ አይሆንም። ደረቅ መለወጫ ልብስ በጥብቅ ተቋጥሮ በከረጢት ውስጥ ቢኖር ደግሞ የማታውን ብርድ ያስታግሣል።

በመንገድ ላይ ገሳ የደፋ ሰው ሲያጋጥመን፥ ኋላ ቀር ሰው አየን ብለን አንለፍ። ይህ ሰው ክብደትን፥ ዋጋንና ሙቀትን አመዛዝኖ የለበሰ ነው፤ መዝገብ ቤት ያልገባ የአባቶች ዕውቀትም በጀርባው ላይ አለ።