አባቱን የካደ ቡጢ

እ.ኤ.አ. በ2001 የፍልሚያ ጌሙ ቴከን 4 ጃፓን ውስጥ ባሉ የጌም አዳራሾች ሲገባ፣ ጂን ካዛማን የመረጠ ተጫዋች ግራ ተጋባ። ጣቱ ከቴከን 3 ጀምሮ የለመደውን ተጫነ፤ የሚያውቀው ቡጢ ግን አልወጣም። ፊቱ ያው የጂን ፊት ነው፤ ወደ ላይ የቆመው ጥቁር ፀጉሩም አልተነካም። ከአንገት በታች ያለው ግን ሌላ ሰው ነው። አቋቋሙም አሰነዛዘሩም ተቀይሯል፤ ተቃራኒን ከመሬት አንስቶ አየር ላይ የሚያንጠለጥለው ያ ስመ ጥር ምትም የለም።

የፍልሚያ ጌም ሠሪዎች በየክፍሉ ገፀ ባሕርያቸውን መነካካት ልማዳቸው ነው። የአንዱን ምት ያደክማሉ፣ የሌላውን ያፈጥናሉ፣ ልብስ ይቀይራሉ፣ ጢም ያበቅላሉ። መሠረቱን ግን እምብዛም አይነኩትም። የካፕኮሙ ሪዩ በ1987 በመጀመሪያው ስትሪት ፋይተር ከመዳፉ የወረወረውን እሳት በ2023ቱ ስትሪት ፋይተር 6 ላይም የሚወረውረው በዚያው የእጅ እንቅስቃሴ ነው፤ ከታች ወደፊት ሩብ ክብ፣ ከዚያ ቡጢ። ያኔ የለመደ ሰው ዛሬም አይቸገርም። የቴከን ሠሪው ናምኮ በጂን ላይ ያደረገው ከዚህ የተለየ ነበር። የዋና ገፀ ባሕርዩን የውጊያ ስልት ከሥሩ ነቅሎ ሌላ ተከለለት፤ ለዚህም በታሪኩ ውስጥ ምክንያት አበጀለት።

ምክንያቱ የሚጀምረው ከሚሺማ ቤት ነው። የጂን አያት ሄይሃቺ የአምስት ዓመት ልጁን ካዙያን ገደል ወረወረው። ልጁ አልሞተም፤ የሰይጣን ኃይል ተጠናውቶት አደገ፤ በ1994ቱ የመጀመሪያው ቴከን አባቱን አሸንፎ ከዚያው ገደል ጣለው። ሄይሃቺም አልሞተም። በቴከን 2 ተመልሶ ልጁን አሸነፈና እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ጨመረው። አባትና ልጅ እንዲህ ተራ በተራ ሲጣጣሉ፣ በሁለተኛው ውድድር መሀል ካዙያ ጁን ካዛማ ከምትባል የዱር እንስሳት ጥበቃ ባልደረባ ጋር ተገናኝቶ ነበር። የሁለቱ ልጅ ነው ጂን።

በ1997 ቴከን 3 ሲወጣ ሠሪዎቹ ታሪኩን 19 ዓመት ወደፊት ገፉትና ነባሮቹን ተፋላሚዎች አብዛኞቹን በልጅ፣ በደቀ መዝሙር ወይም በአዲስ ፊት ተኩ። ካዙያ ሞቷል ተብሏል፤ ቦታው ክፍት ነው። ጂን የወረሰው የአባቱን ደም ብቻ አልነበረም፤ በመምረጫው ሰሌዳ ላይ የነበረውን ቦታና ቡጢውንም ነው። እናቱ ያኩሺማ በተባለች ደሴት ብቻዋን አሳደገችው። 15 ዓመት ሲሞላው ኦገር የተባለ ፍጡር መጣባቸውና እናቱ ጠፋች። ቀድማ በተናገረችው መሠረት ወደ አያቱ ሄደ፤ ሄይሃቺም የሚሺማን ስልት አራት ዓመት አሠለጠነው። ስለዚህ የ19 ዓመቱ ጂን እጆች ሁለት ወላጅ ነበራቸው። ይህ በትረካ ብቻ የተነገረ ነገር አይደለም። ቴከን 2ን በደንብ የተጫወተ ሰው የጂንን ምቶች እያየ፣ ይቺ የካዙያ ናት፣ ይቺ የጁን ናት ብሎ መለየት ይችል ነበር። በጌም ውስጥ የዘር ሐረግን እንዲህ በእጅ የሚነካ አድርጎ የጻፈ ሌላ ሥራ ብዙ አላውቅም።

ከአባት ከመጡት ሁሉ ትልቁ የነፋስ አምላክ ቡጢ የሚባለው ነው። በቴከን ውስጥ አራት የመምቻ በተኖች አሉ፤ ለግራ እጅ፣ ለቀኝ እጅ፣ ለግራ እግር፣ ለቀኝ እግር። ይህን ቡጢ ለማውጣት ጆይስቲኩን ወደፊት መትቶ መልቀቅ፣ ወደ ታች መጫን፣ ከዚያ ወደፊትና ወደ ታች በሰያፍ ማምጣትና የቀኝ እጁን በተን መምታት ያስፈልጋል። እስከዚህ ድረስ ማንም ይለምደዋል። ጌሙ በሴኮንድ 60 ምስል ያሳያል፤ ሰያፉና በተኑ በአንዱ ምስል ላይ እኩል ካረፉ ቡጢው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ለብሶ ይወጣል፤ ተቃራኒው ቢከላከለው እንኳ መልሶ ሊቀጣው አይችልም። በአንዲት ምስል ከተዛነፉ ግን የሚወጣው ተራው ቡጢ ነው፤ የተከላከለ ሰው ያገኝሃል። በሴኮንድ ስድሳኛ ላይ የቆመ ችሎታ ነው እንግዲህ። በመጽሐፍ አይገኝም፣ በምክርም አይገኝም፤ አውራ ጣት እስኪላጥ በመደጋገም ነው።

ቴከን 3 በ1998 ለፕሌይስቴሽን ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። እኛም ጋ በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ገባ፤ ለብዙ ሰው ቴከን ማለት እስካሁን ቴከን 3 ነው። (ኤዲ ጎርዶ የተባለውን ተፋላሚ ይዞ የእግር በተኖቹን እንዳገኘ የሚደበድብ ልጅ ባለሙያውን አስነስቶ የሚቀመጥበትን ቀን የቀመሰ ያውቀዋል፤ እሱ ሌላ ቁስል ነው።) ጂን ግን እንደ ኤዲ አልነበረም፤ የሚገዛው ለለፋበት ብቻ ነበር።

በታሪኩ መጨረሻ ጂን ኦገርን ያሸንፋል፤ ወዲያው አያቱ በወታደሮቹ አስተኩሶ ይጥለዋል። ሄይሃቺ ያሠለጠነው ለዚህ ነበር፤ ኦገርን የሚስብ ወጥመድ እንዲሆነው። ከአባቱ የወረሰው ሰይጣን ያን ጊዜ ተነሳበትና ክንፍ አውጥቶ በረረ።

ቴከን 4 የሚቀጥለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ጂን አውስትራሊያ ብሪዝበን ገብቶ ተደብቋል። የሚሺማን ደም ይጠላል፤ ያ ደም ያስተማረውን ሁሉ እርግፍ አድርጎ ትቶ ከአንድ መምህር ባህላዊ ካራቴ ከሀ ጀምሮ ተምሯል። ወደ ውድድሩ ሲመለስ ፊቱን በሹራቡ ቆብ ሸፍኖ፣ የአባቱን ቡጢ ጥሎ ነው።

ታሪኩ ያምራል። ከጀርባው ግን ተራ የሥራ ችግር ይታየኛል። በዚሁ ክፍል ካዙያ ከእሳተ ገሞራው ተርፎ ተመልሷል፤ ሄይሃቺም አለ። ጂን እንደነበረ ቢቀር ሦስት ሚሺማዎች አንዱን ቡጢ ይዘው ሊሰለፉ ነበር፤ ለምን ሦስቱንም ማስቀመጥ አስፈለገ የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። እኔ ችግሩ ቀደመ፣ ታሪኩ ተከተለ ባይ ነኝ። ቢሆንም ብልሃቱን አላሳንሰውም፤ ሠሪዎቹ የሚያስፈልጋቸውን ነገር ልጁ ራሱ የፈለገው አስመስለው ጻፉት።

ዋጋውን የከፈለው ተጫዋቹ ነው። ጂን ሰይጣኑን ለመሸሽ ስልቱን ሲጥል፣ የስድሳኛ ሴኮንዷን ነገር በስንት ድካም የለመደው ሰውም ያለ ፈቃዱ አብሮት ጣለ። አዲሱ ጂን ደካማ ቢሆን ኖሮ ቅሬታው ቀላል በሆነ ነበር። ደካማ አልነበረም፤ በዚያ ክፍል ከሁሉ የበረቱት ውስጥ ነው። ሰው የናፈቀው ግን ማሸነፍን ሳይሆን የገዛ እጁን ነበር። ቴከን 4 በሌላውም በኩል አልተወደደም፤ ወጣ ገባ የሆነው የመፋለሚያ መሬቱ በሚቀጥለው ክፍል ወዲያው ተነስቷል።

ናምኮ መልሱን የሰጠው በ2004 በቴከን 5 ነው። ጂንን ለሁለት ከፈለው። ካራቴ የተማረው ጂን በስሙ ቀጠለ። የድሮዎቹ የሚሺማ ምቶች ደግሞ ጥቁር ክንፍና ቀንድ ላለው፣ ዴቪል ጂን ለተባለ ለብቻው የሚመረጥ ተፋላሚ ተሰጡ። እስቲ ነገሩን አስቡት። የቴከን 3ን ጂን በእጁ የሚያስታውስ ሰው፣ ያን ደጉን፣ ለእናቱ ሊበቀል የወጣውን ልጅ መልሶ ለማግኘት ሰይጣኑን መምረጥ አለበት። በልጅነት የተማርነው የደጉ ሰው ቡጢ ለካ የክፉው ንብረት ነበር።

በቴከን 6 ነገሩ ይብሳል። ጂን የአያቱን ኩባንያ ወርሶ ዓለምን ጦርነት ውስጥ ይማግዳል። ኋላ እንደሚገለጠው ዓላማው አዛዜል የተባለውን ጥንታዊ ፍጡር ቀስቅሶ በማጥፋት በደሙ ያለውን ሰይጣን መንቀል ነው፤ ለዚያ ግን ስንቱ አለቀ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ የሚፋለመው በዚያው በንጹሑ ካራቴ ነው። ከአባቱ ለመለየት የጣለው ቡጢ አልተመለሰም፤ ሥራው ግን አባቱን ሊያስንቅ ደረሰ። ጸሐፊዎቹ ይህን አውቀው አድርገውት ከሆነ እጅ እነሳለሁ፤ ሳያውቁ ከሆነም ጌሙ ከጸሐፊዎቹ በልጧል።

ቴከን 7 ለጂን ብዙም አይጨነቅም። ታሪኩ የአያትና የአባት ሒሳብ ማወራረጃ ነው፤ ጂን አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ስቶ ተኝቷል፤ መጨረሻ ላይ ካዙያ አባቱን የፈላ ገሞራ ውስጥ ከጣለው በኋላ፣ ካዙያን መግደል ያለበት እሱ ራሱ መሆኑን ለመናገር ይነሳል።

ጥር 2024 ላይ የወጣው ቴከን 8 ለዓመታት የተጎተተውን ጠብ ሊዘጋ ይሞክራል። ጂን ወዳደገባት ያኩሺማ ተመልሶ በውስጡ ካለው ከራሱ ጋር ይፋለማል። የሠራውን ክፋት፣ የሚሺማን ደም፣ ሰይጣኑንም ጭምር የእኔ ናቸው ብሎ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ነጭ ክንፍ የሚያወጣውና አባቱን ፊት ለፊት ገጥሞ የሚያሸንፈው። በትረካው በኩል ለሁለት የተከፈለው ልጅ አንድ ሆኗል።

የመምረጫውን ሰሌዳ የከፈተ ሰው ግን ከተፋላሚዎቹ መሀል ጂንንና ዴቪል ጂንን ዛሬም ለየብቻ ያገኛቸዋል። ሁለቱን አንድ ለማድረግ የአንዱን ምቶች መጣል ያስፈልጋል፤ ናምኮ ያን በ2001 ሞክሮ አይቶታል።